ከሳጥን ፊት የሰረዝኳት ቃል

እኔ በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ። አንድ ጊዜ ዝናብ ከመሬት ወደ ሰማይ ሲዘንብ አየሁ ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቼ፣ ሁለት አሮጊቶች ጃንጥላቸውን ገልብጠው ይዘው ታይተዋል። በዚህ የተነሳ እናቴ ያወጣችልኝ ስም ከጠፋ ቆይቷል፤ «ቀደዳው» ነው የምባለው። ወንድሜ ጣውላ ይቀድዳል፣ እኔ ወሬ እቀድዳለሁ። ከአንድ ማሕፀን ሁለት ቀዳጅ።

ይህችን ግን አልቀደድኳትም። ምነው ቀድጃት በሆነ።

ወንድሜን «ጋሼ» ነው የምለው፤ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። አናጢ ነው። ዋና ሥራው የልብስ ሳጥን ነበር። እነዚያ ክዳናቸው ወደ ላይ የሚነሳ፣ ጥግና ጥጋቸው ያለ ምስማር ጥርስ በጥርስ የሚነካከስ፣ ሁለት ሰው ቆሞባቸው ቢጨፍር ሲጥ የማይሉ። እኔ ለደንበኛ ሳወራ ሁለቱን ሰው አንድ ኮርማ አደርጋቸዋለሁ። ጋሼ «ተው አንተ» ይለኛል፣ ደንበኛው ይስቃል፣ ይገዛል። እንዲህ እንኖር ነበር። ከዚያ በካርቶን ተጣጥፎ የሚመጣው የቆርቆሮ ቁም ሳጥን ገበያውን ወረረው፤ በግማሽ ዋጋ፣ ያውም ከነመስታወቱ። ሦስት ወር ሙሉ ወደ ሱቃችን የገባ ሰው ቢኖር መንገድ ጠፍቶት የሚጠይቅ ነው።

የጋሼ ሚስት ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። የተቀበረችበትን ሳጥን የሠራው ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀደም። ሲጨርስ መዶሻውን አስቀመጠና «ከእንግዲህ ሰው የሚገባበት ነገር አልሠራም» አለ። ቃሉንም አከበረ። አንዱ የዘበኛ ቤት ሊያሠራ ቢመጣ ጋሼ «ሰው ይገባበታል?» ብሎ ጠይቆ መልሶታል። እሺ፣ የዘበኛ ቤቷን እኔ ጨመርኳት። መሐላው ግን እውነት ነው።

ከሚስቱ የቀረችለት አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ሰጋቱራ ውስጥ ስትቆፍር ስለምትውል «ፍልፈል» እንላታለን። ጋሼ በየወሩ መጀመሪያ ቀን ልጅቷን የሱቁ መቃን ላይ ያስደግፋታል፣ እርሳሱን አናቷ ላይ ያጋድማል፣ ምልክቱን በመሮ ይቀርጸዋል። መቃኑ ላይ ሽቅብ የሚወጣ መሰላል ተሠርቷል። እሷ ደግሞ አንድ ሳጥን በተጀመረ ቁጥር «አባዬ፣ ይሄ ለማን ነው?» ትላለች። ጋሼ፣ ያ ሰው ፊት የማይፈታው ጋሼ፣ «ለአንዲት ሰማያዊ ቀሚስ» ይላታል። ወይም «ለሦስት ካፖርትና ለአንድ የተቆጣ ሱሪ»። እሷ ሰጋቱራው ላይ ትንከባለላለች።

አንድ ቀን ጋሼ ከሥራ ተቋራጭ ጋር ተነጋግሮ መጣ። አገር ጥግ ላይ መንገድና ድልድይ ይሠራሉ፤ ለሲሚንቶው ቅርጽ ማውጫ አናጢ ይፈልጋሉ። ሁለት ዓመት። ሰውና ዕቃ የሚጭነው መኪና በወሩ መጨረሻ ቀን ይነሳል። ፍልፈል ወደ እናቷ እህት ትሄዳለች፤ ያም ቢሆን ሩቅ ነው። እናታችን ምንም አላለችም። እማዬ ምንም ካላለች ነገሩ ከብዷል ማለት ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ወር ስጠኝ» አልኩት። «ደንበኛ አመጣለሁ።»

«ከየት? ከወሬህ?»

«አምጣ ብቻ በለኝ።»

ልጅቷን አየ። «እሺ። ሦስት ሳጥን ከታዘዘ እቀራለሁ። ካልታዘዘ እሄዳለሁ። ይቺን ቃሌን ደግሞ እንዳትቀድዳት።»

ከሱቃችን ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ የምታነሳ ሴት አለች፤ ስሟም ፎቶ ኮፒ ነው። የሰፈሩ ማመልከቻ ሁሉ በእጇ ስለሚያልፍ ማን ከማን እንደሚፋታ ከዳኛው በፊት የምታውቀው እሷ ናት። ሄጄ «በኢንተርኔት ማስታወቂያ አስወጪልኝ» አልኳት።

«ስንት አለህ?»

ብስክሌቴን ሸጬ ነበር። ያ ብስክሌት ቁልቁለት ላይ የራሱን ጥላ ጥሎት ይሄዳል፤ ገዢው ግን ይህን አላመነኝምና በብረት ዋጋ ወሰደው። ገንዘቡን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። ገንዘቡን አየችው፣ እኔንም አየችኝ።

«ይሄ ትልቁ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የአንድ ሰው ጥርስ እንኳ አያስለጥፍም። ግን ካላበላሸኸው ወር ያደርሳል።» ወንበር ሳበችልኝ። «ስማ። ሰው የሚፈልገውን ነገር ስልኩ ላይ ይጽፋል አይደል? እሱ የጻፈው ቃል አንተ ከመረጥከው ቃል ጋር ሲገጥም ማስታወቂያህ ከላይ ይወጣለታል። ቢያየው አትከፍልም። ጠቅ ሲያደርገው ነው የምትከፍለው። ይግዛም አይግዛም።»

«ጠቅ አድርጎ ስቆ ቢሄድስ?»

«የሳቁን ሂሳብ አንተ ከፈልክ።»

እኔ እስከዚያ ቀን ሰው የማስቀው በነጻ ነበር።

«ስለዚህ ገንዘብ የሌለው ሰው ጠበብ ያደርጋል» አለች። «‹ሳጥን› ብለህ አታስገባም፤ ‹የልብስ ሳጥን› ነው የምትለው። ከተማው ውስጥ ላለ ሰው ብቻ። ሱቁ ክፍት በሆነ ሰዓት ብቻ። በቀን ይህችን ያህል ከበላ ይቁም፤ ይሄ የቀን ጣሪያው ነው።» ከዚያ ከታች በኩል ሌላ ዝርዝር ጻፈች። ስለ እሱ ያለችውን አልሰማሁም፤ የወንድሜ ሳጥን ስክሪኑ ላይ ወጥታ ስታበራ እያየሁ ነበር።

«በቃ። አሁን እጅህን ሰብስብ። ትንሽ ጊዜ ስጠው፣ ይማር።»

«ማን ነው የሚማረው?»

«ማስታወቂያው። ለማን መታየት እንዳለበት እየለየ ይሄዳል።»

«እኔ ስድስተኛ ክፍል ያቆምኩትን እሱ ሊቀጥልልኝ ነው?»

«ውጣልኝ» አለች፤ እየሳቀች።

የመጀመሪያው ጥፋት ከፍቅር የመጣ ነው። ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት፤ ትንሽ አሳምሬ። የጋሼ ሳጥን በዓለም ስልክ ሁሉ ላይ መውጣቷን፣ አንድ ንጉሥም እያሰበበት መሆኑን። እማዬ ንጉሡን ዘለለችውና «ታዲያ እኛ በምን እናግዝ?» አለች።

«ጠቅ ማድረግ ነዋ!» አልኳት። አፌ ነው፤ እኔ የለሁበትም።

እማዬ ለአክስቶቼ ደወለች። አክስቶቼ ለልጆቻቸው። በማግስቱ ሱቅ በተከፈተ በሃያ ደቂቃ ውስጥ የቀኑ ጣሪያ ሞልቶ ማስታወቂያው ከገበያ ወጣ። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ፎቶ ኮፒ ከመንገድ ማዶ ጠራችኝ።

«ቀደዳው፣ ሰው እየጎረፈ ነው፣ ማንም ግን አይደውልም። በር አንኳኩቶ እንደሚሮጥ ባለጌ፣ አንዴ ጠቅ ያደርጉና ይጠፋሉ።»

«ውበቷ አስደንግጧቸው ይሆናል» አልኳት።

ቤት ስገባ እማዬ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ሰክታ ስልኳን በአንድ ጣቷ ትወጋለች። «ዛሬ በእኔም፣ በእህቴም፣ በልጆቿም ስልክ ሁሉ መረቅነው» አለችኝ። «ጠቅ ባደረግኩ ቁጥር ‹ልጄን አታስኪድብኝ› እላለሁ።»

ምን ብዬ ልንገራት? እያንዳንዷ ምርቃት ከብስክሌቴ አንድ አንድ ጥርስ እየነቀለች ነበር። ፎቶ ኮፒ ይህን ስትሰማ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። «በጠላት የሞተ ንግድ አይቻለሁ፤ በዘመድ ምርቃት የሞተ ሲያጋጥመኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።» ዘመዱን ሁሉ አስቆምን። እማዬ እስከ መጨረሻው አልተዋጠላትም፤ «መልካም ነገር ተነክቶ አያልቅም» ትል ነበር።

ከዚያ በኋላ ማስታወቂያው በሥርዓቱ ሄደ፤ በሥርዓቱ ሄዶም ምንም አላመጣም። በሁለት ሳምንት ውስጥ የደወሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ «ባለ መስታወቱ የቆርቆሮው የለም?» አለ። ሌላዋ ዋጋ ተከራክራ ተከራክራ «እደውላለሁ» ብላ እስከ ዛሬ አልደወለችም።

ዘጠኝ ቀን ቀረ። ጋሼ ዕቃውን በጆንያ መክተት ጀመረ፤ መላጊያ፣ መጋዝ፣ መሮ። ፍልፈል በየቀኑ ከጆንያው አንድ ዕቃ ታወጣና ሰጋቱራ ውስጥ ትቀብረዋለች። ጋሼ ያውቃል። ሳይናገራት ቆፍሮ ያወጣና መልሶ ይከታል። በማግስቱ እሷ መልሳ ትቀብራለች። ይህን እያየሁ ነው እጄ አላርፍ ያለው።

ፎቶ ኮፒ ያን ቀን ለጉዳይ ወጥታ ሱቋ ዝግ ነበር። የመግቢያውን ቁጥር ግን ምናልባት ብላ በወረቀት ጽፋ ሰጥታኝ ነበር። ስልኬ ላይ ከፈትኩት።

መጀመሪያ ያየሁት «የልብስ ሳጥን» የሚለውን ነው። አባታችን በደህናው ዘመን ጋዜጣ ላይ ሲያስነግር የሚከፍለው በቃል ቁጥር ነበር፤ አንድ ቃል በቀነሰ ቁጥር ያተረፈ ይመስለው ነበር። «ሁለት ቃል ለምን?» አልኩ። ሳጥን ውስጥ ልብስ ካልሆነ ምን ይገባል? «የልብስ»ን ሰረዝኳት። እንደ አባቴ ልጅነቴ ተሰማኝ።

ወረድ ስል ያን ዝርዝር አገኘሁት። ሬሳ። አስከሬን። ቀብር። ሟች። ፀጉሬ ቆመ። ይቺ ሴት ምን ነክቷት ነው? የወንድሜ ሚስት አፈር ገና ሳይጠጥር በማስታወቂያችን ሆድ ውስጥ ሬሳ ጽፋ ታስቀምጥ? ደንበኛ እንዲህ የሸሸን ለካ በዚህ ሟርት ነው! አንድ በአንድ ነቅዬ ጣልኳቸው፤ እጄንም ታጠብኩ።

የቀኑን ጣሪያም አነሳሁት። ጣሪያ ለቤት እንጂ ለገበያ ምን ያደርጋል? ሰዓቱንም ሙሉ ቀን ሙሉ ሌሊት አደረግኩት። በመጨረሻ ጽሑፉን አየሁ። «ጠንካራ የእንጨት ሳጥን፣ በትእዛዝ እንሠራለን» ይላል። ደረቅ፣ ጨው የሌለው። አጠፋሁትና ሌባ የማይከፍተው፣ ብል የማይነካው መሆኑን በአንድ ትንፋሽ እንዲናገር አድርጌ በራሴ ቋንቋ ጻፍኩ፤

«ሳጥን! አንዴ የገባ አይወጣም! የመቶ ዓመት ዋስትና! እስከ ዛሬ ቅሬታ ያቀረበ ደንበኛ የለም!»

በማግስቱ ገና ሱቁን ስንከፍት ስልኬ ጮኸ።

«ሳጥን ቤት ነው?» ሴት ናት፤ ድምጿ ሻክሯል።

«እንዴታ እመቤቴ! የሳጥኖች አባት ቤት!»

«ለነገ ይደርሳል?»

«ለነገ? ምነው፣ የምሥራች አለ እንዴ?»

ጥያቄዬን አልፋው ሄደች። «ቁመቱ ሜትር ከሰማንያ ይሁን።»

«ኧረ ይሄማ ትልቅ ነው! ልብሱ ብዙ ነው ማለት ነው?»

«ልብሱንማ ለብሷል» አለች።

እኔ ቂሉ ሳቅኩ። ሳቄ ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ ገባኝ። «ይቅርታ፣ እኛ እኮ የልብስ...» ስል «ታዲያ ለምን ጻፋችሁ?» ብላ ዘጋችው።

ሁለተኛው ወንድ ነው። «‹ቅሬታ ያቀረበ ደንበኛ የለም› ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ? አባቴ እዚህ ተዘርግቶ አንተ ትቀልድብኛለህ? ስምህን ንገረኝ!» ስሜን «ቀደዳው» ብዬ መናገር አፈርኩ።

ረፋዱ ላይ አሥራ አንድ ሰው ደውሏል። ጋሼ «ምን ይላሉ?» ሲለኝ «ዋጋ ነው የሚጠይቁት» አልኩት። የስልኩን ድምፅ አጥፍቼ ሰጋቱራ ውስጥ ቀበርኩት። ፍልፈል ቆፍራ አወጣችው።

«አጎቴ፣ ስልክህን ብርድ ይዞታል። ይንቀጠቀጣል።»

ነጥቄያት ወደ ፎቶ ኮፒ ሮጥኩ። ከፈተችው። አየች። ወደ ታች ወረደች፣ እንደገና ወደ ላይ ወጣች።

«ዝርዝሩን ማን አጠፋው?»

«ሟርቱን?»

«የምን ሟርት?»

«ሬሳ፣ ቀብር ምናምን ያልሽውን።»

ቀና አለች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። «አጥር ነበር እኮ» አለች። «እነዚህን ቃላት የሚጽፍ ሰው ወደ እኛ እንዳይመጣ ያጠርኩት አጥር። አንተ አጥሩን ነቅለህ፣ ‹የልብስ›ን ሰርዘህ፣ በሩን በርግደህ ለሐዘንተኛ ሁሉ ከፈትክ።» ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። «ሰዎቹ ጠቅ ከማድረጋቸው በፊት የጻፉት ቃል ይኸውልህ። አንብብ።»

እኔ ፊደል ስለማልወድ ብዙ አላነብም። ያን ግን አነበብኩ። «ሳጥን ዛሬውኑ።» «ሳጥን ቤት ድረስ የሚያመጣ።» «ሳጥን ለረጅም ሰው።» «ሳጥን ቀላል፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው።» ከዚያ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አንድ ሰው «ሳጥን» ብሎ ጽፏል። ቀጥሎ «ሳጥን ትንሽ»። ቀጥሎ «ሳጥን በጣም ትንሽ»።

«የአንድ ሰው ነው የሚመስለኝ» አለች ፎቶ ኮፒ። ሦስቱንም ጊዜ የወጣለት የእኔ ቀልድ ነው። ሦስቱንም ጊዜ ጠቅ አድርጎታል።

«ገንዘቡስ?»

«አልቋል። የመጨረሻውን የወሰደችው ይቺ ናት፤ ‹በጣም ትንሽ› የምትለዋ።»

ስምንት ቀን ቀርቷል። ብስክሌት የለም፣ ገንዘብ የለም፣ አንድም ትእዛዝ የለም። መንገዱን ስሻገር ለጋሼ የምነግረው አንድ ወሬ አዘጋጅቼ ነበር፤ ንፋስ የኢንተርኔት ምሰሶ ጥሎ፣ ምሰሶው በሬ ላይ ወድቆ፣ የበሬው ባለቤት ደግሞ ዳኛ ሆኖ። ጥሩ ወሬ ነበር። ሱቅ ስደርስ ግን ሰው ቆሟል።

የዘበኛ ዩኒፎርም የለበሰ፣ ጎልማሳ፣ ጺሙን ያልተላጨ። ሱቃችን ያለበትን ማስታወቂያው ላይ አይቶ ነው የመጣው።

«ሳጥን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ?»

«የልብስ» አለው ጋሼ።

ሰውዬው ከኪሱ ሲባጎ አውጥቶ ዘረጋው። ሁለት ቦታ ተቋጥሯል። ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ሁለት ክንድ አይሞላም። «ልኩ ይሄ ነው» አለ። «ሜትር ስላልነበረኝ ነው።»

ጋሼ ሲባጎውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሸት አልመጣልኝም።

«ወንድሜ፣ እኛ እሱን አንሠራም» አለ ጋሼ ቀስ ብሎ። «ሆስፒታሉ አጠገብ ያሉት...»

«ሄጃለሁ። ትልልቅ ብቻ ነው ያላቸው። ‹ዳር ዳሩን ጨርቅ ሙላበትና አስተኛው› አሉኝ።» ሲባጎውን ጣቱ ላይ ጠመጠመው፣ ፈታው። «ልጄ ሰፊ ቦታ ላይ ብቻውን መተኛት ይፈራል።»

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። «ማስታወቂያውን ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። ጥፊ እየጠበቅኩ ነበር፤ ፊቴንም አስተካክዬለት ነበር።

«‹አንዴ የገባ አይወጣም› ይላል። ሌሎቹ ‹ሰላማዊ ዕረፍት›፣ ‹የክብር ሽኝት› ነው የሚሉት። ከጠዋት ጀምሮ እውነቱን የነገረኝ የእናንተው ብቻ ነው።»

ሰው አመነኝ ብዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ጋሼ እጁን ዘረጋ። «ሲባጎውን ስጠኝ።»

በሜትር አልለካውም። ሲባጎውን እንዳለ ጣውላው ላይ አጋደመውና በእርሳስ ምልክት አደረገ። ጣውላው ፍልፈል ስታድግ ሳጥን እሠራላታለሁ ብሎ ያስቀመጠው ነው። ማንሳቱን ሳይ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ሰውዬው የተደፋ የቀለም ጣሳ ላይ ተቀመጠ፤ ውኃ ስሰጠው ይዞት ቆየ እንጂ አልጠጣውም። ጋሼ ጥግ ጥጉን ያለ ምስማር ጥርስ በጥርስ አነካከሰው፤ እንደ ልብስ ሳጥኖቹ፣ እንዲያውም ከእነሱ አስበልጦ።

ፍልፈል ከትምህርት ቤት ስትመለስ ክዳኑ ላይ ደርሶ ነበር። ቦርሳዋን ጣለችና እንደ ልማዷ «አባዬ፣ ይሄ ለማን ነው?» አለች።

መላጊያው ቆመ። ሰውዬውም ቀና አለ። ለአንዲት ቀሚስ ነው ይላታል ብዬ ጠበቅኩ።

«ለአንድ ልጅ» አለ ጋሼ።

«ለልጅ ልብስ?»

«ለልጅ።»

ሰውዬውን አየችው። ሲባጎውንም አየችው። እንደገና አልጠየቀችም። ጥግ ሄዳ ከመላጊያው የወጣውን ቀጭኑንና ለስላሳውን ፍቅፋቂ በሁለት እጇ አፍሳ አመጣችና የሳጥኑ ታች ላይ አነጠፈችው፤ ለአሻንጉሊቷ አልጋ እንደምታነጥፈው። ሁለቱም አባቶች አልከለከሏትም።

ሲያልቅ ጋሼ «ገንዘብ አልቀበልህም» አለው።

«ካልተቀበልከኝ አልወስደውም» አለ ሰውዬው። «ለልጄ የምገዛለት የመጨረሻው ነገር ነው። በልመና አይሁንብኝ።»

ጋሼ ተቀበለው፤ ሳያየው ኪሱ ከተተው። ሰውዬው ሳጥኑን ብብቱ ሥር ይዞ ወጣ። እኔ የጋሼን ሳጥን አንድ ኮርማ፣ አንዳንዴም ሁለት ኮርማ ሳስጎትት የኖርኩ ሰው ነኝ። እንደዚያች አንድ ሰው ብብቱ ሥር ይዟት እንደወጣት ሳጥን የከበደች ግን አይቼ አላውቅም።

ለጋሼ ሁሉንም ነገርኩት፤ ቃሏን፣ አጥሩን፣ ቀልዱን። ያዘጋጀሁት በሬ ትዝም አላለኝ። ሰምቶ ሲጨርስ የጠየቀኝ «ስንት ቀን ቀረ?» ብቻ ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ የሰውዬው ጎረቤት መጣ፤ ለእናቱ። መኪናው ሊነሳ ሁለት ቀን ሲቀረው ደግሞ አንዲት ሴት ባሏን ለክታ መጣች፤ እሷም ከጎረቤትየው ሰምታ። የወሩ መጨረሻ ቀን ላይ መኪናው መጥቶ በራችን ላይ ጡሩንባውን ነፋ። ጋሼ እርሳሱን ጆሮው ላይ እንደሰካ ወጣ። «ሦስት ሳጥን ብዬ ነበር» አለው ሾፌሩን፤ ሾፌሩ ምን ያውቃል? «ሦስት ሞልቷል። ቀርቻለሁ።» ፍልፈል ጆንያውን ከነዕቃው ሰጋቱራው ላይ ገለበጠችው። እማዬ አለቀሰች። እስከ ዛሬ ጠቅ ባደረገችው ምርቃት የቀረ ነው የሚመስላት፤ ማንም አልነገራትም።

ይህን ለሰው ሳወራ እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር።

ፎቶ ኮፒ «አሁን ትንሽ ገንዘብ አለ፤ በሥርዓቱ እንጀምር» አለች። ጽሑፌን አጠፋች፣ አጥሩን መልሳ አጠረች፣ «የልብስ»ን መልሳ ከሳጥን ፊት አቆመቻት። እኔም እጄን ኪሴ ከተትኩ። ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ስልኩ አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸም። የተቋራጩ መኪና በየወሩ እንደሚመላለስ ሁላችንም እናውቃለን።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ጋሼ መንገዱን ተሻግሮ ፎቶ ኮፒ ዘንድ መጣ። እጁን በሽርጡ ጠርጎ፣ እዚያ ስክሪን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ።

«ያቺ ቃል የቷ ናት?»

ፎቶ ኮፒ አሳየችው።

«እንዴት ነው የምትሰረዘው?»

«ጋሼ፣ አንተ እኮ ምለህ ነበር...» አልኩት።

«ሁለት ቃል ነበረኝ» አለ። «አንዱ ላለመሥራት፣ አንዱ ላለመሄድ። አንዱ መታጠፍ ነበረበት።» በዚያ በተሰነጣጠቀ አውራ ጣቱ ተጫነው። «የልብስ» ከኋላዋ ጀምራ አንድ በአንድ ሄደች፤ ስ፣ ብ፣ ል፣ የ። ቀና ሳይል «አጥሩንም ንቀይው። ‹ልኩን ይዛችሁ ኑ፣ ይደርሳል› ብለሽ ጻፊ» አላት። «ሌላ ምንም አትጨምሪ። እሱ ደግሞ እንዳይነካው።»

ይኸው ሥራ አለን። ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። መጀመሪያ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እላለሁ፣ ቁመቱን የምጠይቀው በመጨረሻ ነው። ስለ ልብስ አልጠይቅም። ጋሼ ቤቱ ይገባል፣ ከልጁ ጋር ይበላል፣ ይተኛል። ቀርቷል። ፍልፈል ግን ሳጥን ሲጀመር ለማን እንደሆነ መጠየቅ ትታለች።

የወሩ መጀመሪያ ቀን አለፈ፤ መቃኑ ላይ አዲስ ምልክት የለም። የሚቀጥለውም አለፈ። በሦስተኛው ፍልፈል ራሷ ሄዳ መቃኑን ተደገፈች፤ ተረከዟን አጋጥማ፣ አንገቷን አስግጋ።

«አባዬ፣ ለካኝ።»

ጋሼ እጁ ላይ ሜትር ነበር። ሜትሩን አየው፤ ቀኑን ሙሉ ምን ሲለካበት እንደዋለ ያውቃል። አጠፈውና ኪሱ ከተተው። «ነገ» አላት። ወደ ውስጥ ገባ።

እሷ እንደቆመች ቀረች። እርሳሱን አነሳሁና አናቷ ላይ አጋደምኩ፤ ከዚያ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጌ አሰመርኩ። ዞራ አየችው።

«ይሄን ሁሉ አድጌያለሁ?»

«ይቺማ የጠዋቷ ብቻ ናት» አልኳት። «ከምሳ በኋላ ጣሪያውን እናነሳልሻለን።»

አየችኝ። መስመሩን እንደገና አየች። አናቷን በእጇ ዳሰሰችና ልዩነቱን በጣቶቿ ለካችው፤ የአናጢ ልጅ ናት። ሄዳ መሮውን አመጣችልኝ።

«ቅረጸው» አለች። «በእርሳስ ብቻ ይጠፋል።»

ስልኩ ኪሴ ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይንቀጥቀጥ ብዬ መጀመሪያ መስመሩን ቀረጽኩ።